የሰፈር ሜዳና ወረዳ፦ ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ በአንድ ወረዳ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የሰፈራችን ሜዳ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ደብዳቤ ተቀባይም አስገቢም ሆኜ ስላየሁት ስለ ሜዳና ስለ ወረዳ የምታነሡትን እመልሳለሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን ሜዳ ለማስተካከል ወረዳ ሄድን፤ «ተደራጅታችሁ ኑ» ተባልን። ማኅበር እናቋቁም?

የግድ አይደለም። ባለሙያው የሚፈልገው ነገ ጠብ ቢነሣ ማንን እንደሚጠራ ማወቅ ነው። ሰፈሩን ሰብስቡ፣ ኮሚቴ ምረጡ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የመጣው ሁሉ ይፈርም። ከዕድሩ አንድ ሰው፣ ቢያንስ አንድ እናት፣ ሁለት ሴት ልጆች ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። ወጣት ብቻ የፈረመበት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። የዕድር ዳኛ የፈረመበትን ግን የወረዳው ሥራ አስፈጻሚ እንዲሁ አይገፋውም፤ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ።

ጥያቄ፦ ሁሌ «በጀት የለም» ነው መልሱ።

መቼ ነው የምትሄዱት? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ይዘጋጃል። መስከረም ላይ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው ያለቀ ድግስ ላይ ነው የሚደርሰው። ጥርና የካቲት ላይ ግቡ። እስከዚያው ወረዳው ያለ ገንዘብ የሚችለውን ጠይቁት፦ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሜዳው ላይ ቆሻሻና የግንባታ ተረፈ ምርት የሚደፉትን የሚከለክል ደንብ አስከባሪ፣ በአካባቢው ከሚሠራ ኮንትራክተር ለአንድ ቀን ግሬደር ማስተባበር። ይህን የሚያደርግ አመራር አጋጥሞኛል፤ «በጀት የለም» ብሎ የሚሸኝም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ሜዳው ለባለሀብት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ አለ። አባቶቻችን የተጫወቱበት ነው፤ ሊወስዱት ይችላሉ?

ይችላሉ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አባቶቻችሁ ስለተጫወቱበት የእናንተ አይሆንም። ወሬውን ትታችሁ ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ለምን አገልግሎት እንደተያዘ በደብዳቤ ጠይቁ። ክፍት ቦታ ወይም የስፖርት ሜዳ ተብሎ ካልተያዘ ከወረዳው ጋር የምትሠሩት የመጀመሪያው ሥራ ይኼ ነው፦ በአንድ የመንግሥት ተቋም ስም ካርታ እንዲወጣለት ወረዳው ለክፍለ ከተማው ይጻፍ። ማልያ ማደል ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሜዳውን የሚያቆየው ካርታው ነው። ጃን ሜዳ እንኳ፣ የጥምቀትና የአገር አቋራጭ ሩጫ ቦታ ሆኖ ሳለ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ አትክልት ተራ ተዛውሮበት ነበር። የተነሣውም የ2013ቱ ጥምቀት ሲቃረብ ነው። ለጃን ሜዳ ጥምቀት ደረሰለት፤ ለእናንተ ሜዳ ማን ይደርስለታል?

ጥያቄ፦ አጠገባችን ትምህርት ቤት አለ። ቅዳሜና እሑድ ግቢው ባዶ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ግን አይከፍትም።

እሱን ከመውቀሳችሁ በፊት የሚፈራውን ስሙት። መስኮት ቢሰበር ማን ይከፍላል? ዘበኛው በዕረፍት ቀኑ ለምን ይቆማል? ልጅ ቢጎዳ ማን ሆስፒታል ይወስደዋል? ለነዚህ መልስ ያለው የአንድ ገጽ ስምምነት ይዛችሁ ሂዱ። ቁልፉን ማን እንደሚይዝ በስም ይጻፍ። ሰዓቱ ለምሳሌ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ተብሎ ይወሰን። የዘበኛውን ክፍያ ዕድሩ ወይም ወላጆች ያዋጡ፤ ለመስታወት ትንሽ መያዣ ይቀመጥ። ፈራሚዎቹ ሦስት ይሁኑ፦ ትምህርት ቤቱ፣ ኮሚቴው፣ ወረዳው። የወረዳው ፊርማ ርእሰ መምህሩን ከበላይ ተጠያቂነት ያድነዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው እሱን ነው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱንም አስቀድማችሁ አናግሩ። ያለ እነሱ የተከፈተ በር በመጀመሪያው ጭቅጭቅ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ። ልጄ ኳስ ትወዳለች፤ ሜዳ ላይ ግን ወንዶቹ ያባርሯታል። «ለሁሉም ክፍት ነው» ይሉኛል።

ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል ጉልበት ላለው ክፍት ነው ማለት ነው። እርስዎ የሚጠይቁት በፕሮግራሙ ላይ የተጻፈ የሴቶች ሰዓት ነው፤ ሳይመሽ የሚያልቅ፣ አሠልጣኝ ያለው፣ ብትችሉ ሴት። መጸዳጃ ቤት መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ብዙ ልጆች የሚቀሩት በእሱ ነው፣ ግን አፍ አውጥተው አይናገሩም። የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም ደብዳቤው ይድረሰው።

ጥያቄ፦ ወጣት ማዕከላችን አዳራሹን ያከራያል፤ ለእኛ የቀረን ጆተኒና ፑል ብቻ ነው።

የወሩን የአዳራሽ ፕሮግራም በግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ጠይቁ። የኪራዩ ገቢ የት እንደሚገባም ጭምር።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነን፤ ሜዳ የሚባል ነገር የለም።

ትልቅ ሜዳ አታስቡ። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው፤ የሦስት ለሦስት ቅርጫት ኳስ 15 በ11። ከብሎክ ርቆ፣ የመኪና ማቆሚያውን ትንሽ ቆርሶ ይገኛል። የነዋሪዎች ኮሚቴው ካልተስማማ ግን ወረዳ አትሂዱ፤ ተመልሳችሁ እዚያው ትላካላችሁ። ሌላው አማራጭ መንገድ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ ዋና ዋና ጎዳናዎች በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና ሲዘጉ አይታችኋል። የውስጥ መንገድን ለጥቂት ሰዓት መዝጋት ያን ያህል አይከብድም፤ የወረዳውና የትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ያለን የሰፈሩ ልጆች ገንዘብ አዋጥተናል። ታኬታና ማልያ እንላክ?

እዚሁ ይገዛል። ጠጠር ሜዳ ላይ ኳስ ቶሎ ያልቃል፤ አንድ ጊዜ ብዙ ከመላክ በየሦስት ወሩ ትንሽ ይሻላል። የአሠልጣኝ የትራንስፖርት አበል ብትሸፍኑማ ከሁሉም በላይ ነው። ገንዘቡ በአንድ ሰው ሒሳብ አይግባ፤ ሦስት ፈራሚ ይኑረው።

ጥያቄ፦ የተስማማነው ሥራ አስፈጻሚ ተቀየረ። አዲሱ «አላውቅም» አለን።

ይቀየራሉ፤ የተለመደ ነው። ስምምነቱ በጽሕፈት ቤቱ ስም ወጪ ደብዳቤ ሆኖ ቁጥርና ቀን ካለው አዲሱንም ያስገድደዋል። ኮፒው ከጠፋባችሁ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ በቁጥሩ አስፈልጉ። በቃል ብቻ ከነበረ ግን እንደገና ጀምሩ፤ የዕድሩን ዳኛ ይዛችሁ ግቡ፤ ሰኞ ጠዋት አትሂዱ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።