ስብሰባ ተጠርቷል፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ስብሰባ ናቸው። የወረዳ መድረክ፣ የቀበሌ ውይይት፣ የእድር ጉባኤ። ስድስቱን አሳጥሬ ከነመልሳቸው አቅርቤአለሁ።

«ወረዳው በጠራን ቁጥር እሄዳለሁ። ኃላፊው አንድ ሰዓት ተኩል ያወራል፣ ሦስት ሰው ይጠይቃል፣ ከዚያ ‹በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል› ተብሎ ይጨበጨባል። ታዲያ ለምን ልሂድ?» (ከደብረ ብርሃን)

ምሬትዎ ይገባኛል። ይህን ጥያቄ የላኩልኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ስብሰባ የሚጠራው በተለያየ ምክንያት ነው። አንዳንዱ የተወሰነውን ለማሳወቅ፣ አንዳንዱ ከመወሰኑ በፊት የሰውን ሐሳብ ለመስማት፣ ጥቂቱ ደግሞ ተሰብሳቢው ራሱ እንዲወስን። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ጥፋቱ ማሳወቂያውን «ምክክር» ብሎ መጥራት ነው። ሰው ሐሳቤ ይሰማል ብሎ ሥራውን ትቶ ይመጣል። የመጣው ለጭብጨባ እንደነበር ሲገባው ግን ሁለተኛ አይመለስም። በኋላ የእውነት ምክክር ሲጠራም አዳራሹ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ይሂዱ፣ ግን አንድ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። ገለጻው ሳይጀመር እጅዎን አውጥተው «ዛሬ ከምንነጋገርበት ውስጥ ገና ያልተወሰነው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። «የመንገዱ ስፋት አልቋል፣ የፍሳሽ መውረጃው ግን ገና ነው» ከተባሉ ሰዓቱ በሙሉ ፍሳሹ ላይ ይዋል። «ሁሉም ተወስኗል» ከተባሉም ቁርጡን አወቁ ማለት ነው። ያኔ ጥያቄዎ ወደ ሥራው ይዞራል። መቼ ይጀመራል? ማን ይቆጣጠራል? አጥሩ የሚፈርስበት ሰው የት ያመልክት?

ይህ ድፍረት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል።

ሳይበተኑ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ይነበብልን ይበሉ። ያነሱት ነጥብ ካልተጻፈ እንዳልተነሳ ይቆጠራል። ምላሹን ማን፣ እስከ መቼ እንደሚሰጥም አብሮ ይመዝገብ።

«በገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ሴቶቹ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ቃል አይተነፍሱም። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን መንገድ ላይ ይዘውኝ ሁሉንም ይነግሩኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ሴቶቹ የሚሉት እንዳላቸው አንቺው አይተሻል። ያፈናቸው የመድረኩ አሠራር ነው። ሊቀመንበሩ፣ ሽማግሌው፣ ባልየው ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ተነስታ «እኔ ግን» የምትል ሴት ማግኘት ከባድ ነው።

የማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ የሚባለው አሠራር ለዚህ ይረዳሻል። ኬር የተባለው ድርጅት በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማላዊ ውስጥ የጀመረው ነው። በእኛም አገር በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በኩል በጤና፣ በትምህርት፣ በውሃ፣ በግብርና እና በገጠር መንገድ ላይ ተሠርቶበታል።

ጤና ጣቢያን እንውሰድ። ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ቡድን መመዘኛዎቹን ራሱ ያወጣል። ወንዶቹ «መድኃኒት አለ ወይ?» ይሉ ይሆናል። ሴቶቹ ጋ ስትደርሺ «ማዋለጃ ክፍሉ መጋረጃ አለው ወይ? ሌሊት ምጥ ቢመጣ በሩ ይከፈታል ወይ?» የሚል ይመጣል። ወንዶቹ ጋ ብቻ ብትቀሪ ይህን አትሰሚውም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ማንበብ ለማይችሉት በጠጠር ወይም በባቄላ ፍሬ መቁጠር ይቻላል። ባለሙያዎቹም ለብቻቸው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ ተገናኝተው ነጥቦቹን ያስተያያሉ።

የዚህ ጥቅሙ አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ እንድትከራከር አለማስገደዱ ነው። «የሴቶቹ ቡድን ለማዋለጃ ክፍሉ 1 ሰጥቷል» ሲባል ማን እንዳለ አይጠየቅም፣ ለምን እንደሆነ ነው የሚጠየቀው። ነርሷም «መጋረጃ ከጠየቅን ቆየን፣ በጀት የለም ተባልን» ብላ የራሷን ጭንቀት ለመናገር ዕድል ታገኛለች። ከዚያ የሚወጣው ዕቅድ የሁለቱም ወገን ነው።

ሰዓቱንም አስቢበት። በገበያ ቀን ወይም ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ሴቶቹን ከመነሻው አስቀርቷቸዋል።

«የእድር ሰብሳቢ ነኝ። ለውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን እናዋጣ ብለን ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ተከራዮቹ ‹ነገ ለምንለቀው ሰፈር ለምን እንክፈል› ይላሉ። እጅ አስወጥቼ ልገላገል?»

ጋሼ፣ እጅ ማስወጣቱን አይቸኩሉበት። እድር ከሌላ ማኅበር ይለያል። ዛሬ በድምፅ የተሸነፈው ሰው ነገ ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክለው ነው።

መጀመሪያ ክርክር የሌለበት አንድ ዙር ያድርጉ። እያንዳንዱ ሰው መንገዱ እሱን እንዴት እንደሚነካው ብቻ ይናገር። መልስ መስጠት አይፈቀድ። ክረምት ጭቃው በሯ ድረስ የሚደርስባት እናትና የወር ኪራይ የጠበበው ወጣት አንዱ የሌላውን በደንብ የሰሙ አይመስለኝም።

ቀጥሎ አማራጮቹን ከነዋጋቸው በወረቀት ላይ ይስቀሉ። መንገዱ በሙሉ ሲነጠፍ ስንት ነው? ዳገቱ ብቻ ቢሆንስ? ዘንድሮ ቦዩን ሠርተን ንጣፉን ለከርሞ ብናቆየውስ? ባለቤት ከተከራይ የበለጠ ቢከፍልስ? ገንዘብ የሌለው በጉልበት ቢያግዝስ? «ይሠራ» እና «አይሠራ» ብቻ ሲቀርቡለት ሰው ጎራ ይለያል። አራት አምስት መንገድ ሲያይ ግን ማስላት ይጀምራል።

ካስፈለገም ለሁለተኛ ቀን ያሳድሩት። የቦረና ኦሮሞዎች በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በሚባለው ጉባኤያቸው ላይ ሲሰበሰቡ ሕጋቸውን ለብዙ ቀናት ይመክሩበታል። የሚፈልጉትም መግባባትን ነው። የእናንተም መንገድ አንድ ሳምንት ቢቆይ አይጎዳም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተስማማችሁ ድምፅ ይሰጥ።

«ዋሽንግተን ዲሲ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ለመጠጥ ፈቃዴ የሰፈር ስብሰባ ላይ ቅረብ ተባልኩ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ብቀርስ?»

እንዳትቀር። ኤኤንሲ የሚባለው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን በነዋሪዎች የተመረጡ፣ ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች የሚሠሩበት ነው። አንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 ነዋሪ ይወክላል። ፈቃድ ባይሰጥም አስተያየቱን የከተማው መሥሪያ ቤቶች በሕግ ከፍ ያለ ክብደት ሊሰጡት ግድ ነው። አንተ ከሌለህ የሚሰማው የጎረቤትህ ቅሬታ ብቻ ይሆናል።

ከስብሰባው በፊት ለሰፈርህ ኮሚሽነር ጻፍና ቡና ጋብዘው። ስለ ጫጫታ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ መኪና ማቆሚያ ምን እንዳሰብክ ንገረው። አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግህም ቀድመህ አሳውቅ። በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

«ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። ተሳታፊ በእጣ ቢመረጥስ?»

እኔ እደግፋለሁ። አየርላንድ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 99 ተራ ዜጎችን በእጣ መረጠች። በዕድሜ፣ በጾታና በአካባቢ አገሪቱን እንዲመስሉ ተደርጎ ነበር። ሰብሳቢያቸው ዳኛ ሜሪ ላፎይ ነበሩ። ፖለቲከኞች ለዓመታት ሲሸሹት የኖሩትን የፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ ከባለሙያም ከባለጉዳይም ሰምተው መከሩበትና ምክረ ሐሳብ አቀረቡ። በ2018 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 66.4 በመቶው የሕገ መንግሥቱን ክልከላ ማንሳቱን ደገፈ። ጉዳዩ ላይ ያለን አቋም ይለያይ ይሆናል፣ የአመካከሩ መንገድ ግን ለቀበሌም ይሆናል። የቤት ቁጥሮቹን ጽፎ ሰው በተሰበሰበበት እጣ ማውጣት ብዙ ወጪ የለውም። የቀን ሠራተኛ ከወጣለት ግን የቀን ገቢው ይታሰብለት፣ አለዚያ አይመጣም።

«ተወያየን፣ ተስማማን፣ ተመዘገበ። ከዚያ ዝም። አሁንስ?»

ከመካከላችሁ ሁለት ሦስት ሰው ወክሉና ቃለ ጉባኤውን በጽሑፍ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። ምክንያት መናገር አይጠበቅባችሁም። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ አንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ቀኑ ካለፈ ቅጂውን ይዛችሁ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ ሂዱ።