ስንጥቁ እድሜዎን አያውቅም

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለቴ አነበብኩት። በ66 ዓመትዎ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሸክላ መሥራት ጀምረዋል። አምስት ወር ሆነዎት። በዊል፣ ማለትም ጭቃውን በሚያሽከረክረው የሸክላ መሥሪያ ላይ የሚያወጧቸው ጎድጓዳ ሳህኖች ሲደርቁ ከአስሩ ስድስት ሰባቱ ቂጣቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። ጭቃው ሳይወዛወዝ እንዲዞር የዊሉን መሃል ለማስያዝ ሲታገሉ ደግሞ የእጅ አንጓዎን ያምዎታል። መጨረሻ ላይ «ለዚህ ሥራ ጊዜዬ አልፏል መሰለኝ» ብለዋል።

እሱን እንተወው። ስንጥቁ እርስዎ ስንት ዓመትዎ እንደሆነ አያውቅም።

መጀመሪያ የተሰነጠቀውን ሳህን ገልብጠው ይዩት፤ ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ከአፉ ተነስቶ ወደ ታች ከወረደ አፉ ስስ ሆኖ ቶሎ ደርቋል ማለት ነው። ቂጡና ግድግዳው የሚገናኙበትን ቦታ ይዞ ከዞረ ወይ አንዱ ወፍራም ሌላው ስስ ነው፣ ወይ ሳህኑ ከጣውላው ጋር ተጣብቆ እንደልቡ መኮማተር አቅቶታል። እርስዎ የነገሩኝ ግን መሃል ላይ እንደ ትንሽ እባብ የተጠማዘዘውን ነው። እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ዕቃ አበላሽቶብኛል። እኔ ደግሞ ጭቃውን ነበር የምረግመው! ጭቃ ቀየርኩ፣ ያው ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ይወጣና ይኮማተራል። አብዛኛው ጭቃ ገና እሳት ሳያይ፣ በመድረቅ ብቻ ከ5 እስከ 8 በመቶ ያህል ያጥራል። 20 ሳንቲሜትር የነበረ ቂጥ ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ይቀንሳል ማለት ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ቢኮማተር ችግር አልነበረም። ግን ግድግዳውን ወደ ላይ ሲስቡት በሁለት እጅዎ መሃል እየተጨመቀ ይወጣል፤ ይጠቀጠቃል። የቂጡን መሃልስ ማን ነካው? ጣትዎን አስገብተው ከፈቱት፣ ከዚያ ረሱት። በዚያ ላይ ከእጅዎ የተንጠባጠበው ውሃ ሁሉ እዚያው ተኝቷል። አፉና ግድግዳው ደርቀው ሲጨርሱ ያ የላላ መሃል ገና እርጥብ ነው፣ በኋላ እሱም ልኮማተር ሲል ዙሪያው ደርቆ ጠንክሯል፣ አይከተለውም፣ ስለዚህ ይቀደዳል።

መፍትሔው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ጭቃውን ሲከፍቱ ከታች 8 ሚሊሜትር ያህል ያስቀሩ። ካላመኑ መርፌ ወግተው ይለኩት፣ ቀዳዳው በጣት ይደፈናል። ግድግዳውን ከመሳብዎ በፊት ቂጡን በጣትዎ ጫፍ ወይም በጠፍጣፋ እንጨት ጫን እያሉ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሃል ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሱበት። መዳበስ አይበቃም፣ ይጫኑት። ከዚያ በየመሃሉ ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ በስፖንጅ ይምጠጡ። እጅ የማይገባበት ጠባብ ዕቃ ከሆነ ስፖንጁን ዱላ ጫፍ ላይ ይቋጥሩት።

ሲጨርሱ ከሥሩ በሽቦ ይቁረጡትና ጋዜጣ በተነጠፈበት ጣውላ ላይ ያስቀምጡት። ጋዜጣው ሲኮማተር እንዲንሸራተት ይረዳዋል። አፉ በጣት ሲነኩት ምልክት የማይቀበል ሲሆን ይገልብጡት። ቂጡም አየር ያግኝ እንጂ! ከላይ ፌስታል ጣል አድርገው ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት፣ ፌስታሉ ውስጥ ጠብታ ካዩ ገልብጠው ደረቁን ጎን ወደ ውስጥ ያድርጉት። ፀሐይ ላይና ነፋስ የሚገባበት መስኮት ሥር እንዳያስቀምጡ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ከሚቀጥሉት ሳህኖች አንዱን፣ ያውም ያማረዎትን፣ ገና እርጥብ እያለ በሽቦ ከአፍ እስከ ቂጥ ለሁለት ይሰንጥቁት። ልብ ይሰብራል፣ አውቃለሁ። ግን ግማሹን በእጅዎ ይዘው ሲያዩት ከላይ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ከታች ማዕዘኑ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ጭቃ የቀረበት ሆኖ ያገኙታል። ይህን ለማሳየት አስተማሪ አያስፈልግም።

ወደ አንጓዎ እንምጣ። በእጅዎ እየገፉ ነው፣ ጥፋቱ እሱ ነው። ጉልበተኛ ወጣትም በዚህ መንገድ ይጎዳል፣ ብቻ ለመማረር ጊዜ ይወስድበታል። ወንበርዎን ወደ ዊሉ ያስጠጉ። የግራ ክርንዎን ከታፋዎ ወይም ከዳሌዎ አጥንት ጋር ያጣብቁትና ከዚያ እንዳይለይ። አንጓዎ ቀጥ ብሎ ይቆይ፣ አይታጠፍ። ጭቃውን የሚገፋው ወደፊት ዘንበል ሲሉ የሚመጣው የሰውነትዎ ክብደት ነው። መሃል ለማስያዝ ዊሉ በፍጥነት ይዙር፣ ግድግዳ ሲስቡ ያቀዝቅዙት።

ጭቃውም ለስለስ ያለ ይሁን። የደረቀ ጭቃ ማሸት አንጓ ይጨርሳል። ሁለት ኪሎ የሚያክል አንስተው ከሆነ ደግሞ ይተዉት፤ ለአሁኑ ከግማሽ ኪሎ እስከ 700 ግራም ይበቃል። ከረጢቱን ሙሉውን አያንሱ፣ እዚያው እያለ በሽቦ ቆርጠው በየቁራጩ ያውጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተው ይንጠራሩ። ጣትዎ የሚደነዝዝ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስዎት ከሆነ ግን ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ይይዎት።

አንጓዎ እስኪያርፍ ድረስ ለሁለት ሳምንት ዊሉን ትተው ጭቃውን እንደ ገመድ እያድበለበሉ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ መሥራት ይችላሉ። ይህን «የጀማሪ ሥራ» የሚል ካለ አይስሙት፣ እኔ ትልልቆቹን ዕቃዎች የምሠራው እንዲሁ ነው። ብቻ መጋጠሚያውን በሹካ ጫር ጫር አድርገው ቀጠን ያለ ጭቃ ይቀቡት፣ ከውስጥም ከውጭም በጣት ያያይዙት። ሁለቱም ቁራጮች እርጥበታቸው እኩል ካልሆነ እንደገና ስንጥቅ ይመጣል፣ ምክንያቱ ያው የመኮማተር ጉዳይ ነው።

የተሰነጠቁትን ደግሞ እንዳይጥሏቸው። እሳት እስካልነካቸው ድረስ ጭቃ ናቸው። ድርቅ እስኪሉ ይጠብቁ፣ ሰባብረው ባልዲ ውስጥ ውሃ ይጨምሩባቸው። ሙሉ በሙሉ የደረቀው ቶሎ ይፈርሳል፣ ከፊል እርጥቡ ግን እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ሲሰባብሩ በጨርቅ ይጠቅልሉት፣ የጭቃ ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው። ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አይጥረጉ።

ስድስት ሳህን በዚህ መንገድ ይሥሩና ሲደርቁ ገልብጠው ይዩአቸው። የሚሰነጠቅ ካለ ስንጥቁ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ይጻፉልኝ።