ተፎካካሪዬን ወደድኩት፤ ከውድድሩ ልውጣ?
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ከክፍላችን አንደኛና ሁለተኛ የምንወጣው እኔና አንድ ወጣት ነን፤ አንዱን ሴሚስተር እኔ ስመራ ቀጣዩን እሱ ይመራል። ክፍል ውስጥ መልስ ስሰጥ «እንዲያ አይደለም» ብሎ የሚነሣው እሱ ነበር፤ እኔም የእሱን ስሕተት ለማግኘት ስል ያላገላበጥኩት መጽሐፍ አልነበረም። ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም ነበር። ዘንድሮ ግን መምህራችን ለአንድ የጥናት ሥራ አጣመሩን። ታምሜ ሰንብቼ ስመለስ ያመለጡኝን ትምህርቶች በሙሉ በእጁ ገልብጦ ሰጠኝ፤ በአንዱ ገጽ ኅዳግ ላይም «ይህን ጥያቄ ባለፈው አንቺ የፈታሽበት መንገድ ከመምህሩ ያጥራል» የሚል በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። እንደሚወደኝ ነግሮኛል፤ እኔም እወደዋለሁ። ጓደኞቼ ግን «ሊያዘናጋሽ ነው» ይሉኛል። በዓመቱ መጨረሻ ለአንድ ተማሪ ብቻ የሚሰጥ ነጻ የትምህርት ዕድል አለ፤ ሁለታችንም አመልክተናል። ለመሆኑ ያ ሁሉ ጥላቻ የት ሄደ? ፍቅራችንን ለማዳን እኔ ከውድድሩ ብወጣስ አይሻልም?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምርና፣ አትውጪ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት ይኖርብኛል፤ ምክንያቱ ካላሳመነሽ ምክሩ ብቻውን ውጤት በሚለጠፍበት ቀን አይጠቅምሽምና።

«ያ ሁሉ ጥላቻ የት ሄደ?» ብለሻል። ብዙ ሰው ለዚህ የሚሰጠው መልስ «ድሮውንም ፍቅር ነበር» የሚል ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በመካከላችሁ የነበረው እልህ የምር እልህ ነበር፤ አንዳችሁ የሌላውን መውደቅ የተመኛችሁባቸው ቀናትም አይጠፉም። ነገር ግን ከእልሁ ጋር አብሮ ሌላ ነገር ሲጠራቀም ቆይቷል፤ እርሱም ትኩረት ነው። እጅሽን ባወጣሽ ቁጥር ቀና ብሎ ሲያዳምጥሽ የኖረው ማን ነው? ጥያቄውን የፈታሽበትን መንገድ ልብ ብሎ ከያዘ በኋላ ከጊዜ በኋላም ያልረሳው ማን ነው? የቅርብ ጓደኞችሽ ጎበዝ መሆንሽን ያውቃሉ፤ እርሱ ግን በምን በምን እንደምትበልጪና የት ላይ እንደምትቸኩዪ ለይቶ ያውቃል። ያቺ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት መስመር ልብሽን የነካችው፣ ምስጋናው ስሕተትሽን ሲፈልግ ከኖረ ሰው በመምጣቱ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሊየት አሮንሰንና ዳርዊን ሊንደር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሸውታል። ተሳታፊዎቹ ተማሪዎች አንዲት ሴት ስለ እነርሱ የምትሰጠውን አስተያየት ደጋግመው እንዲሰሙ ተደረገ፤ ለአንዳንዶቹ አስተያየቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልካም ነበር፤ ለሌሎቹ ደግሞ በነቀፋ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ምስጋና ተለወጠ። ሴትዮዋን አብልጠው የወደዷት፣ ሁልጊዜ የተመሰገኑት ሳይሆኑ ነቀፋው ወደ ምስጋና የተለወጠላቸው ነበሩ። ስለዚህ አሁን የሚሰማሽ ደስታ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያለፈውን ጥላቻ ሐሰት ነበር ብለሽ መካድም አያስፈልግሽም።

ስለ ስሜቱ ብርታት ግን አንድ ነገር እንድትጠነቀቂ እፈልጋለሁ። ዶናልድ ደተንና አርተር አሮን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ሙከራ፣ በካናዳ ከጥልቅ ሸለቆ በላይ በተንጠለጠለና በሚወዛወዝ ድልድይ ላይ የሚያልፉ ወንዶችን አንዲት ወጣት ሴት መጠይቅ እያስሞላች ስልክ ቁጥሯን እንድትሰጣቸው አደረጉ። ጽኑና ዝቅተኛ በሆነ ሌላ ድልድይ ላይ ካገኘቻቸው ወንዶች ይልቅ በሚወዛወዘው ላይ ያገኘቻቸው አብዝተው ደወሉላት። ተመራማሪዎቹ እንዳብራሩት፣ በፍርሃት የሚመታ ልብ ባለቤቱ በፍቅር የሚመታ ሊመስለው ይችላል። የእናንተም ልብ በፈተና ዋዜማና በውጤት ማግሥት አብሮ ሲመታ የኖረ ነውና፣ የሚያወዳድራችሁ ነገር በሌለበት የዕረፍት ጊዜ ተገናኝታችሁ ምን እንደምትጨዋወቱ ልብ በዪ። ስለ ትምህርት ሳታነሡ ግማሽ ቀን አብሮ መዋል የሚከብዳችሁ ከሆነ ገና መተዋወቅ ይቀራችኋል ማለት ነው፤ ይህም ቢሆን ጊዜ የሚፈታው እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ጓደኞችሽ «ሊያዘናጋሽ ነው» ማለታቸው ከመቆርቆር የመነጨ ስለሆነ አትቀየሚያቸው፤ ሆኖም ያቀረብሽልኝ ማስረጃ የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው። ሊያዘናጋ የሚፈልግ ሰው ያመለጠሽን ትምህርት ገጽ በገጽ አይገለብጥልሽም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ብዙዎች ከባዱ ነገር ከጠላትነት ወደ ፍቅር መሻገር ይመስላቸዋል፤ በእኔ እምነት ግን ከባዱ ከተሻገሩ በኋላ ያለው ነው። አብርሃም ቴሰር የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ እንደሚያስተምሩት፣ የሌላ ሰው ስኬት አብዝቶ የሚያመን ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፤ ሰውዬው የቅርባችን ሲሆንና የተሳካለትም እኛ ራሳችንን በምንለካበት መስክ ሲሆን። እ.ኤ.አ. በ1980 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ሙከራ ተሳታፊዎች ቃል ለሚገምቱ ሰዎች ፍንጭ እንዲሰጡ ተደረገ፤ ጨዋታው ትልቅ ችሎታን የሚለካ እንደሆነ በተነገራቸው ጊዜ፣ ለማያውቁት ሰው ከሰጡት ይልቅ ለገዛ ጓደኛቸው የሚከብድ ፍንጭ የመስጠት ዝንባሌ ታየባቸው። እንግዲህ ይህን ወደ እናንተ አምጪው። ሆድና ጀርባ በነበራችሁበት ዘመን እርሱ አንደኛ ሲወጣ ትናደጂ ነበር፤ በቁጣሽ ታጠኚና ያልፍልሻል። አሁን ግን የምትወጂው ሰው ነው፤ በእርሱ ማሸነፍ ማዘንሽ ራሱ ያሳፍርሻል፣ ኀፍረቱን ደግሞ ለማንም አትነግሪም። ፍቅር ፉክክሩን አያለዝበውም፤ ሕመሙን ግን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

በቴሰር ትንታኔ መሠረት ሰው ከዚህ ሕመም የሚሸሸው በሦስት በር ነው። አንዱ ከሰውዬው መራቅ ነው። ሁለተኛው «ይህ መስክ ድሮም ግድ አይሰጠኝም» ብሎ የሚወደውን ሥራ ማናናቅ ነው። ሦስተኛው በብልጫው ላይ መሥራት ነው፤ ማለትም ወይ ራሱ መጎበዝ፣ ወይ ሌላውን ማደናቀፍ። «ከውድድሩ ልውጣ» ስትዪ የመረጥሽው ሁለተኛውን በር ነው፤ የፍቅር መሥዋዕትነት መስሎሽም ይሆናል። ነገር ግን ለእርሱ ያላሳወቅሽው፣ እርሱም ያልጠየቀሽ መሥዋዕትነት ውሎ አድሮ ዕዳ ይሆንበታል። በተጣላችሁ ቁጥር ያ የተተወ ዕድል ይታወስሻል፤ እርሱም ያሸነፈው ስለ በለጠ ይሁን ስለ ተተወለት መቼም ሳያውቅ ይኖራል። ደግሞም አስቢው፤ ይህ ወጣት የወደደው መንገዷ ከመምህሩ የሚያጥረውን ተማሪ ነው። እርስዋን ከመድረኩ አውርደሽ ማንን ልትሰጪው ነው? እንዲህ ያለውን ማፈግፈግ የሚያስቡት ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ መሆናቸውን ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አያለሁ፤ ይህም በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። «ብታሸንፈኝ እናደዳለሁ፤ የተናደድኩት ግን በአንተ አይደለም» ብለሽ በግልጽ ንገሪው፤ እርሱም የራሱን ይንገርሽ። ያልቀናው ሰው ጥቂት ቀን ዝም የማለት መብት እንዲኖረው፣ የቀናው ደግሞ ደስታውን እንዳይደብቅ ተስማሙ፤ የተደበቀ ደስታ ከንፈር እንደ መምጠጥ ስለሚቆጠር ያዋርዳልና። ትምህርቱን አብራችሁ አጥኑ፤ የማመልከቻ ጽሑፋችሁን ግን እስኪገባ ድረስ ለየብቻ ያዙት፣ ይህ አለመተማመን ሳይሆን ለሁለታችሁም ንጹሕነት የሚበጅ ጥንቃቄ ነው። ዕድሉ አንዳችሁን አርቆ የሚወስድ ከሆነም ስለ መለያየቱ ዛሬውኑ አንሡ።

ጥያቄ፦ ከእኔ ጋር ለአንደኝነት የምትፎካከር ልጅ አለች። በሰው ፊት አነጋገሬን እያስመሰለች ታስቅብኛለች፤ በአንድ የፈተና ሰሞንም ደብተሬን ደብቃብኝ ነበር። ጓደኞቼ «ስለምትወድህ ነው፤ ጠላትነት የፍቅር መጀመሪያ ነው» ይሉኛል፤ እኔም ማመን ጀምሬአለሁ። ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይመስለኝም። ፉክክር ማለት አንተን ለመብለጥ መጣር ነው፤ ልጅቷ ያደረገችው ግን አንተን ማሳነስና ሥራህን ማሰናከል ነው። ከላይ ባለው ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱ ተማሪዎች በመልሶቻቸው ላይ ተከራከሩ እንጂ አንዳቸው የሌላውን አነጋገር መሣቂያ አላደረጉም፣ መጽሐፉንም አልደበቁም። ምናልባት ልጅቷ በልቧ ትወድህ ይሆናል፤ ቢሆንም እንኳ የሚያስፈልግህ የስሜቷን ምሥጢር መፍታት አይደለም፣ ደብተር የመደበቁን ጉዳይ ለሚመለከተው መምህር መንገር ነው። ይቅርታ ጠይቃ ጠባይዋን ካስተካከለች ያን ጊዜ ስለ ሌላው ታስባለህ።

ጥያቄ፦ በትምህርታቸው አንገት ለአንገት የተናነቁ ሁለት ተማሪዎች ከጠላትነት ተነሥተው ፍቅረኛሞች የሚሆኑበት ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ረቂቁን ያነበቡልኝ ሁሉ «ድንገት ተዋደዱ፤ አላሳመነንም» አሉኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የላኩልኝን ቅንጭብ አነበብኩት፤ ቋንቋዎ ያማረ ነው። ችግሩ ሁለቱን ገጸ ባሕርያት ያስታረቀቻቸው አንዲት የዝናብ ምሽት ብቻ መሆንዋ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት 22 ወንዶች ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍለው በአንድ የበጋ ካምፕ ውስጥ ሲያወዳድሩ ልጆቹ ብዙም ሳይቆዩ ተጠላሉ። ከዚያ በኋላ አብሮ መብላትና ፊልም ማየት ብቻውን አላስታረቃቸውም፤ እንዲያውም ማዕዱ መዘላለፊያና ምግብ መወራወሪያ ሆነ። ጠቡ የበረደው አንዱ ቡድን ብቻውን የማይወጣቸው ሥራዎች በተከታታይ ሲገጥሟቸው ነው። ከእነዚህ አንዱ አልነሣ ያለ የጭነት መኪና ነበር፤ ልጆቹም ቀደም ሲል እርስ በርስ ገመድ ጉተታ የተፎካከሩበትን ያንኑ ገመድ አምጥተው መኪናውን በአንድነት ጎተቱት።

ለእርስዎ ታሪክ የሚያስፈልገው ይህ ገመድ ነው። ሲፎካከሩበት የነበረውን ያንኑ ችሎታ በአንድ ወገን ሆነው እንዲጠቀሙበት ያድርጉ፤ እርስዋ የምትፈጥንበትንና እርሱ የሚጠነቀቅበትን ለይተው ያሳዩና አንዱ ያለ ሌላው የማይሆንለት ሥራ ይስጧቸው። ይህም አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ መካከል ላይ መልሰው እንዲጣሉ ይፍቀዱላቸው። ከሁሉም በላይ አንደኛው ዝም ብሎ በመቅረት ብቻ ማሸነፍ የሚችልበት አጋጣሚ ይፍጠሩ፦ ለምሳሌ ልጅቷ የልጁን ስሌት ስታይ ወሳኝ ስሕተት ታገኛለች፣ ሥራውን ለማስረከብ የቀረው ጥቂት ሰዓት ነው፣ እርስዋ ማግኘትዋንም የሚያውቅ የለም። እርስዋ ከመናገርዋ በፊት በውስጥዋ የሚካሄደውን ሙግት ሳያሳጥሩ ይጻፉት፤ አንባቢዎ ፍቅሩን የሚያምነው ከየትኛውም የዝናብ ምሽት ይልቅ በዚህ ገጽ ላይ ነው።

በረቂቅዎ መጨረሻ ላይ ልጅቷ አውቃ ሁለተኛ ወጥታለች። ይህን እባክዎ ይለውጡት። ሁለቱም ያላቸውን ሁሉ ሰጥተው ይፈተኑና አንዳቸው ይብለጡ፤ ማን እንደበለጠም ለአንባቢ ይንገሩ፣ አቻ ወጡ ብለው አያምልጡ። ከዚያ በኋላ ተሸናፊው ከአሸናፊው ጋር የሚለዋወጠውን የመጀመሪያውን ንግግር ይጻፉ፤ እስካሁን የጎደለው ምዕራፍ እርሱ ነው።