ራንች ተቃጥሎ ወይም ጎርፍ ወስዶት ለሚያቋቁም ሰው የመንግሥት ገንዘብ፦ ጠይቁ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከብት፣ በግና ፍየል የምታረቡ፣ ዛሬ ማታ እዚህ ነኝ። አጥር የኔ ጉዳይ ነው፣ እሱን ከጠየቃችሁኝ አልጨርስም። ሌላውን በአጭሩ። ከሁሉ በፊት ግን፦ ፎቶ ሳታነሱና ለካውንቲያችሁ የእርሻ አገልግሎት ቢሮ፣ ለኤፍኤስኤ፣ ሳትደውሉ ምንም አትንኩ።

ባለፍየሉ፦ ጋሼ፣ እሳት ግማሽ አጥሬን በላው። መንግሥት ያሠራልኛል?

መልስ፦ አያሠራልህም። አንተ ታሠራለህ፣ እሱ ወጪውን ይጋራሃል። ኢሲፒ ይባላል፣ የአስቸኳይ ጊዜ የመሬት ጥበቃ ፕሮግራም ነው። እስከ 75 በመቶ ይሸፍናል፣ ጀማሪ ወይም አቅመ ውስን ገበሬ ከሆንክ እስከ 90። ጣሪያው ለአንድ አደጋ 500,000 ዶላር ነው።

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። መሬቱ ገና እየጨሰ ጎረቤት ትራክተር ይዞ ይደርሳል፣ የተቃጠለው ይነቀላል፣ አዲሱ ይተከላል፣ ከወር በኋላ ቢሮ ሲኬድ "ሳታመለክት ጀምረሃል" ይባላል። አለቀ። ቢሮው ጉዳቱን ማየት ይፈልጋል፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም አለ። ከብትህ አስፋልት ላይ እየወጣ ከሆነ በኤሌክትሪክ ሽቦ ለጊዜው እጠርና የዋናውን አጥር ነገር በዚያው ቀን ደውለህ ጠይቅ።

ደግሞ ሽቦው ቆሞ ስላያችሁት ደህና ነው አትበሉ። እሳት ያለፈበት ሽቦ የዚንክ ልባሱ ይለቃል፣ ቶሎ ይዝጋል፣ ስትወጥሩት እጃችሁ ላይ ይበጠሳል። የማዕዘን እንጨቶቹንም ከሥራቸው ነቅንቁ፣ ላዩ ደህና መስሎ ከመሬት በታች ከሰል የሆነ አለ። ይሄን ሁሉ ፎቶ አንሱና ባለሙያው ሲመጣ አሳዩት፣ አለዚያ የወደቀውን ብቻ ቆጥሮ ይሄዳል።

ክፍያው ሠርተህ ደረሰኝ ካቀረብክ በኋላ ነው። ግን የ2018ቱ የእርሻ ሕግ ለአጥር እስከ 25 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ፈቅዷል። ጠይቁ፣ ቆጥሮ የሚያመጣላችሁ የለም።

ሰናይት፦ የሞቱ ላሞችስ?

መልስ፦ ሊፕ፣ የእንስሳት ካሳ። በየዓመቱ ከሚጠበቀው የተለመደ ሞት በላይ ለሞተው የአማካይ ገበያ ዋጋውን 75 በመቶ ይከፍላል። ተመኑ የመንግሥት ሰንጠረዥ ነው፣ ስለዚህ ለምርጥ ኮርማሽ የከፈልሽውን አያዩልሽም። ቆስሎ በርካሽ የተሸጠም ይታያል። ከአደጋው በፊት ስንት እንደነበረሽ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል፦ የግዢ ደረሰኝ፣ የባንክ ሰነድ፣ የእንስሳት ሐኪም መዝገብ። ሬሳውን ከመቅበርሽ በፊት ፎቶ።

ሳሚ፦ ጎተራዬስ?

መልስ፦ ኢሲፒ ጎተራ አይሠራም። ኢንሹራንስ።

ባለፍየሉ፦ የተቃጠለው ድርቆሽስ?

መልስ፦ ኢላፕ፣ መኖንም የሚያይ ሌላ የአደጋ እርዳታ። ቢሮው ያውቀዋል።

ቆቁ፦ እኔ የማይገባኝ፣ ቴክሳስ የስሞክሃውስ ክሪክ እሳት በ2024 ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ በላ፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ኤክሴል ኢነርጂም መሣሪያዎቹ እሳቱን ሳያስነሱ እንዳልቀሩ አምኗል። ታዲያ ለምን ግብር ከፋዩ አጥር ያሠራል?

ሳሚ፦ እና ሰውዬው ፍርድ ቤት እስኪጨርስ ከብቱ ሜዳ ይደር? ከ7,000 በላይ ከብት ነው የሞተው እኮ።

ቆቁ፦ ይደር አላልኩም። ያቃጠለ ይክፈል ነው ያልኩት።

ሳሚ፦ ኒው ሜክሲኮስ? እዚያ ያቃጠለው ራሱ መንግሥት ነው!

መልስ፦ ወደ ጥያቄ ተመለሱ። የኒው ሜክሲኮው ግን ትምህርት ስላለው ልበል። የሄርሚትስ ፒክና ካፍ ካንየን እሳት በ2022 የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ራሱ ለደን ጥበቃ ብሎ ካስነሳው እሳት ነው የወጣው፣ ከ340,000 ኤከር በላይ ፈጀ። ስለዚህ ኮንግረስ የራሱ ሕግ አወጣ፣ መጀመሪያ 2.5 ቢሊዮን ዶላር መደበ፣ ኋላም ጨመረበት። የካሳ ጥያቄ መቀበያው በማርች 2025 ተዘግቷል። ያ ልዩ ጉዳይ ነው፣ "እኔም እንደነሱ" እያላችሁ አትጠብቁ። እዚያ የሆነው ሌላው ነገር ግን ሁላችሁንም ይመለከታል። ሣርና ዛፍ ያለቀበት ተዳፋት ውሃ አይዝም፣ የዚያው ዓመት ክረምት ጎርፍ መጣ። ወንዝ ዳር ያለ አዲስ አጥር ድንጋይና ግንድ ተሸክሞ የሚሄድ ነገር ነው የሚሆነው። በተቃጠለ ሸለቆ አፍ ላይ ውድ አጥር ከመትከላችሁ በፊት አንድ ክረምት አሳልፉ፣ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ብቻውን የሚበጠስ ክፍል ሥሩለት።

ትዕግሥት፦ ጎርፍ መሬቴ ላይ ደለልና ቆሻሻ ጣለብኝ። ያው ኢሲፒ ነው?

መልስ፦ ያው ነው። ማንሳቱንም ማስተካከሉንም ይጋራል። ፎቶ፣ ስልክ፣ ከዚያ ቡልዶዘር። ወንዙ ራሱ ከቦታው ከዞረ ግን በካውንቲው ወይም በከተማው በኩል የሚጠየቅ ሌላ ፕሮግራም አለ፣ ብቻሽን ማመልከት አትችይም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ገንዘቡን እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ የትኛውን ገንዘብ? ለምን ጉዳት? የት ካውንቲ? ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ የእሳቱን ማለቴ ነው። አጥሩን ጨርሻለሁ፣ አሁን ላመልክት?

መልስ፦ ይሄን ነው ስንል ያመሸነው። ደረሰኝህንና ፎቶህን ይዘህ ነገ ጠዋት ሂድ፣ ምናልባት ያልተነካ ክፍል ካለህ ለእሱ ይሆንሃል። ለተሠራው ተስፋ አልሰጥህም።

ሰናይት፦ ቅጹን ሞልቶ ለሚያስገባልኝ ሰው 300 ዶላር ተጠይቄ ነበር።

መልስ፦ አትክፈይ። ቢሮው በነፃ ያስሞላሻል፣ አስተርጓሚም ጠይቂ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም፣ ሁላችሁም ስሙ።

ባለፍየሉ፦ ታክስ አለው?

መልስ፦ የሊፑ ገንዘብ ገቢ ነው፣ ታክስ አለው። ዝርዝሩን የሒሳብ ሰውህን ጠይቅ፣ እኔ የአጥር ሰው ነኝ።

ቆቁ፦ የኤሌክትሪክ ኩባንያውን ነገር ግን አልመለስክልኝም።

መልስ፦ አልመልስልህም። ሌላ የአጥር ጥያቄ ያለው?