ቤት እጫወተዋለሁ፣ ሰው ፊት ግን ጥፍት ይልብኛል

ሰላም ለእርስዎ፣ ፒያኖ መማር ከጀመርኩ አራት አመት ሆኖኛል፣ በቀን ሁለት ሰአት ልምምዴን አላጓድልም። ባለፈው ወር ግን ወደ ሰላሳ ሰው ፊት እንድጫወት ተደረገና ቤት አይኔን ጨፍኜ የምጫወተው ዜማ መሀሉ ላይ ስደርስ ጥፍት አለብኝ፣ ጣቶቼ በረዶ ሆነዋል፣ ደንግጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩት፣ እዛው ቦታ ስደርስ እንደገና ቆምኩ። እንደምንም ጨርሼ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። የባሰ ያመመኝ ደግሞ ጓደኛዬ «ኖታው ልክ ነው ግን ምንም አልተሰማኝም» ማለቱ ነው። የልምምድ ሰአት ልጨምር ወይስ ተሰጥኦው የለኝም? ስሜትስ በልምምድ ይመጣል እንዴ?
(ጣቶቿ የበረዱባት)

መልስ

እህቴ፣ ሰአት አትጨምሪ። ደብዳቤሽ ላይ ቀልቤን የያዘው «ከመጀመሪያው ጀመርኩት» ያልሽው ነው። ቤትም ስትሳሳቺ የምታደርጊው ይሄንኑ ይመስለኛል፣ ትሳሳቻለሽ፣ ትቆሚያለሽ፣ ከላይ ትጀምሪያለሽ። እንግዲህ አራት አመት ሙሉ ከዜማው ጋር መቆምንም አብረሽ ተለማምደሻል ማለት ነው፣ መግቢያውን መቶ ጊዜ ስትጫወቺው መሀሉ ጋ የደረስሽው ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ልምምድሽን ለሁለት ክፈይው። አንዱ የማስተካከያ ሰአት ነው፣ የሚያስቸግሩሽን ሁለት ባሮች (ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከፋፈሉትን ትንንሽ ክፍሎች) ብቻ ይዘሽ ሜትሮኖሙን፣ ማለትም ምት ቆጣሪውን፣ በግማሽ ፍጥነት አድርገሽ በየእጁ ለየብቻ ትሰሪያቸዋለሽ፣ ከዛ ከፊታቸውና ከኋላቸው ካለው ባር ጋር ታጋጥሚያቸዋለሽ፣ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚደበቀው መጋጠሚያው ላይ ነውና። ሲገባልሽ ተይውና ሌላ ነገር ተጫውተሽ ከአስር ደቂቃ በኋላ ተመለሺ። ሀያ ጊዜ ከመደጋገም ይልቅ ይሄ ይከብዳል፣ ግን በማግስቱም አብሮሽ ይገኛል።

ሌላው የመጫወቻ ሰአት ነው። ከክፍሉ ውጪና ተመልሰሽ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ተንፍሺ፣ ስልክሽን ሪኮርድ ላይ አድርጊና አንዴ ብቻ ተጫወቺ፣ ምንም ይፈጠር ምን መቆም የለም። ቅጂውን ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ስሚው።

መሀል ላይ ጥፍት የሚለው ጣት ብቻ ስለሚያስታውስ ነው። የጣት ትዝታ እንደ ሰንሰለት ነው፣ አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች የሚቀጥለው አይመጣም። በየስምንት ባሩ ቁጥር ጻፊበትና ቁጥሮቹን በየወረቀቱ አድርገሽ እጣ እያወጣሽ ከወጣልሽ ቦታ ጀምሪ። ከፒያኖው ርቀሽም የግራ እጅሽን ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምጾች) በቃልሽ ጥሪያቸው። ይሄን የለመደ ሰው ሲጠፋበት ወደ ኋላ አይመለስም፣ ወደሚቀጥለው ቁጥር ይዘላል፣ አድማጩም ላያውቀው ይችላል።

የጣት መብረዱ ከተሰጥኦ ጋር አይገናኝም። ስትፈሪ ሰውነትሽ የሚለቀው አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን የቆዳ ደም ስሮችን ስለሚያጠብ ነው። በአለም የታወቀው ፒያኒስት ቭላድሚር ሆሮዊትዝም የመድረክ ፍርሀት ነበረበት፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1965 የህዝብ ኮንሰርት አልተጫወተም፣ ከዛ ግን ተመልሷል። አንዳንዴ ደረጃ ሮጠሽ ወጥተሽ ልብሽ እየመታ ተቀመጪና ተጫወቺ፣ ሰውነትሽ ሁኔታውን ይልመደው።

ስሜት በልምምድ ይመጣል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይመጣል፣ ግን ኖታው ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም፣ እኔ በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ስህተት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ዜማውን በድምጽሽ ዝፈኚው። የት ትንፋሽ ወሰድሽ? የት ከፍ አልሽ? እጅሽም እዛው ላይ ይተንፍስ። አንዴ አጋንነሽ ተጫወቺና ቅጂውን ስሚ፣ ላንቺ ብዙ የመሰለሽ ለአድማጭ ትንሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ሁለቱን ሰአት ደግሞ ከፋፍለሽ እያረፍሽ ተጠቀሚበት፣ እንቅልፍሽንም አትንኪው፣ እጅ የተማረውን የሚያጸናው ስትተኚ ነው።

ከሚቀጥለው ሰላሳ ሰው በፊት አንድ ሰው፣ ከዛ ሶስት ሰው ፊት ተጫወቺ። የመጀመሪያው ያ ጓደኛሽ ይሁን፣ ስትጨርሺም «ተሳሳትኩ?» ብለሽ ሳይሆን «ዜማው የት ጋ ከፍ አለ?» ብለሽ ጠይቂው።