ስምንት ሜዳሊያ፣ አንድ ጊዜ 20ኛ፣ ሌላ ጊዜ 44ኛ

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ በሲድኒም (እ.ኤ.አ. 2000) በሪዮም (2016) ኦሊምፒክ ስምንት ስምንት ሜዳሊያ አግኝታ ሳለ በመጀመሪያው 20ኛ፣ በሁለተኛው ግን 44ኛ ወጣች ተብሏል። ታላቅ ወንድሜ «በሪዮ ሜዳሊያው ስለበዛ ሌሎች ብዙ ወስደው ነው» ይላል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ለመሆኑ የአገሮችን ደረጃ የሚወስነው ማን ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ የወንድምዎ ግምት አያስኬድም፤ በሲድኒ 300፣ በሪዮ 306 የውድድር ዓይነቶች ስለነበሩ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገሩን የለወጠው የሜዳሊያው ዓይነት ነው። በአገራችንም ሆነ በአብዛኛው ዓለም የተለመደው ሠንጠረዥ አስቀድሞ ወርቅን ይቆጥራል፤ ወርቁ እኩል ሲሆን ብቻ ወደ ብር፣ ብሩም እኩል ሲሆን ወደ ነሐስ ይወርዳል። በሲድኒ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ አራት ወርቅ ሲያመጡ፣ በሪዮ ወርቅ ያጠለቀችው የ10 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው አልማዝ አያና ብቻ ነበረች፤ የቀሩት ሁለት ብርና አምስት ነሐስ ናቸው። የሲድኒው ውጤታችን፣ ማለትም አራት ወርቅ፣ አንድ ብርና ሦስት ነሐስ፣ እንዳለ ሪዮ ላይ ቢመዘገብ ኖሮ አራት ወርቅ ከነበራት ከኡዝቤኪስታን ቀጥለን፣ በሜዳሊያ ብዛት ከእጥፍ በላይ የምትበልጠንን ነገር ግን ሦስት ወርቅ ብቻ የነበራትን ካዛኪስታንን ቀድመን፣ 22ኛ አካባቢ በተቀመጥን ነበር።

ደረጃውን ማን ይወስናል ለሚለው፣ በጥብቅ አነጋገር ማንም አይወስንም። የኦሊምፒክ ቻርተር ውድድሩ በአትሌቶች መካከል እንጂ በአገሮች መካከል እንዳልሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ እንደሚስማማው ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ቻይና በወርቅ ብዛት አንደኛ ስትሆን፣ የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ግን እንደ ልማዳቸው ጠቅላላ ድምሩን ይዘው አገራቸውን ከላይ አስቀመጡ። በፓሪስ (2024) ደግሞ ቻይና 40 ወርቅ ይዛ፣ አሜሪካ 39 ላይ ሳለች የመጨረሻው ውድድር የሴቶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ነበር፤ አሜሪካ ፈረንሳይን 67 ለ66 ረትታ 40 ለ40 ከተካከለች በኋላ በብር ብልጫ (44 ለ27) አንደኛ ተባለች። ያቺ የአንድ ነጥብ ብልጫ ባትኖር ኖሮ አንደኛዋ ቻይና ነበረች።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ የሠንጠረዡ ትልቁ ጉድለት ወርቅን ከማስቀደሙ ይልቅ የስፖርቶቹ አለመመጣጠን ነው። አሥራ ሁለት ተጫዋቾች ያሉት የቅርጫት ኳስ ቡድን ሁለት ሳምንት ተጫውቶ የሚያስቆጥረው አንድ ሜዳሊያ ሲሆን፣ ማይክል ፌልፕስ በቤጂንግ፣ ሦስቱ የቅብብል ቢሆኑም፣ ብቻውን በስምንት ወርቅ አንገቱን አስጊጧል። በዚያው ኦሊምፒክ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ሁለት ወርቅ ሲወስዱ የረዥም ርቀት ሯጭ በመም ላይ ሊያገኝ የሚችለውን ሁሉ ጠራርገው ወስደዋል ማለት ይቻላል፤ የሁለቱ ድምር ግን የዋናተኛው ግማሽ ነው።

በሕዝብ ብዛት ይካፈል የሚሉም አሉ። በዚህ ስሌት በፓሪስ ሁለት ነሐስ ያገኘችው፣ ነዋሪዋ ከመቶ ሺህ ብዙም የማይበልጠው ግሬናዳ ከሁሉ በላይ ትሆናለች። ይሁንና በአትሌቲክስ አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ከሦስት በላይ ስለማያሰልፍ፣ ሕዝቡ መቶ እጥፍ የሆነ አገር መቶ እጥፍ ሯጭ ማቅረብ አይችልምና ይህም ስሌት ያዳላል።

ከወንድምዎ ጋር እንደገና ከመከራከርዎ በፊት አንድ ነገር ልጨምር፤ ሠንጠረዡ ውድድሩ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ይለወጣል። በቤጂንግ በ5 ሺህ ሜትር ሦስተኛ የወጣችው መሠረት ደፋር፣ ቀድማት የገባችው ኢትዮጵያ ተወልዳ ለቱርክ የሮጠች አትሌት በአበረታች ቅመሞች ምክንያት ውጤቷ ሲሰረዝ ነሐሷ ወደ ብር ተለውጧል፤ በመሆኑም በዚያን ጊዜ ጋዜጣ አራት ወርቅ፣ አንድ ብርና ሁለት ነሐስ የሚለው ውጤታችን ዛሬ አራት ወርቅ፣ ሁለት ብርና አንድ ነሐስ ሆኖ ይነበባል።