ወደ ሱባ ደን ለምትወጡ፦ ጠይቁኝ

በመጪው እሑድ የማኅበራችን የእግር ጉዞ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ነው። ሊቀ መንበሩ «የደን ሰው ስለሆንህ ጥያቄውን አንተ አስተናግድ» ብሎኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከዛፍ ጋር ኖሬያለሁና ስለ ዛፍ ጠይቁኝ። ስለ አውቶቡስ መነሻ ሰዓት ግን እሱን ጠይቁት።

ማንም ሳይጠይቀኝ ሦስት ነገር አስቀድሜ ልናገር። እሳት አይለኮስም። ለዱር እንስሳት ምግብ አይሰጥም። መናገሻ ከተማና መናገሻ ሱባ አንድ ቦታ አይደሉም።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ በራሴ መኪና ብመጣ በየት በኩል ነው?

በጅማ መንገድ ሰበታ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ተገንጥለህ በጠጠሩ መንገድ ወደ ወጨጫ ተራራ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአምቦ መንገድ ሄደህ መናገሻ ከተማ ብትወርድ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለበትን ሌላ ኮረብታ ታገኛለህ። ደግ ቦታ ነው፤ እኛን ግን እዚያ አታገኘንም። ዝናብ ጥሎ ካደረ ዝቅ ያለ የቤት መኪና አታምጣ፣ ጭቃው ይይዝሃል።

ወፍ ወዳዱ፦ የትኞቹን ወፎች እናያለን? የሚታዩበትን ሰዓትና ቦታ በዝርዝር ቢነግሩን።

ወፍ የእኔ ሙያ አይደለም። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ግንባረ ቢጫው በቀቀን እዚያ አለ። በማለዳ ግባ፣ ድምፅህን ቀንስ፣ ቀና በል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጆቼ ሰባትና አሥር ዓመታቸው ነው። ይከብዳቸዋል?

እርስዎ ካልከበደዎት ለእነሱ አይከብድም። ረጅም ሱሪ ያልብሷቸው፤ በመንገዱ ዳር ሳማ አለ፣ አንዴ ከለበለባቸው ቀኑን ሙሉ ሲያለቅሱ ይውላሉ። ውኃና ስንቅ ይያዙ። የስንቁን ላስቲክ ደግሞ መልሰው ወደ ቤት ይውሰዱት።

ተማሪው፦ እዚያ ያሉት ዛፎች ምን ምን ናቸው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ብዙ እጽፋለሁ፤ የሰለቸው ይለፈው።

ሱባ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሰው በመስመር የተከለው ደን ነው፦ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ግማሹ እዚያ ላይ ፎቶ ተነሥቶ «ጥንታዊውን ደን አየሁ» ብሎ ይመለሳል። የፈረንጅ ጥድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ትናንት ነው። ጥንታዊውን የምትፈልጉ ወደ ውስጥ ግቡ።

የሐበሻን ጥድ ከፈረንጁ ለመለየት ቅጠሉን አትመልከቱ፣ ያሳስታችኋል። ፍሬውን ልቀሙ። የሐበሻው ፍሬ አተር የማታህል፣ ሰማያዊ ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል ለስላሳ ፍሬ ናት። በሁለት ጣት ስትጫኗት ትፈርጣለች፣ ሽታዋም እጃችሁ ላይ ይቀራል። የፈረንጁ ፍሬ ከሽምብራ ከፍ ያለ ደረቅ እንጨት ነው፤ ሲበስል እንደ ተሰነጠቀ ኳስ ይከፈታል፣ በጣት አይደለም በጥርስም አይበገርም። ፍሬ ያጣችሁበት የሐበሻ ጥድ ደግሞ ወንድ ይሆናል፤ በዚህ ዛፍ ወንዱና ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይቆማሉ። ለስላሳዋን ፍሬ የሚበሉት ወፎች ናቸው፤ ዘሩን ያለ ደመወዝ የሚዘሩልንም እነሱ ናቸው። (ወፍ ወዳዱ ይህን ይመዝግብልኝ።)

እንጨቱ ቀላ ያለና መዓዛማ ነው፣ ምስጥ አይደፍረውም። ገበሬው የአጥር ቋሚ ያደረገው፣ ቤተ ክርስቲያን ሠሪውም የመረጠው ለዚህ ነው። ፈረንጆች እርሳስ ሠርተውበታል።

ከጥዱ ጋር ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት ታያላችሁ። የጥቁር እንጨትን ልጥ ዓለም ለፕሮስቴት መድኃኒት ይፈልገዋል፤ ልጡን ዙሪያውን የገፈፉት ዛፍ ግን ቆሞ ይሞታል። ከፍ ስትሉ ኮሶ ይመጣል፣ የሴቷ አበባ ቀይ ሆኖ ሲንዠረገግ ከሩቅ ያስታውቃል። ከዚያ በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አገር ነው። በአካባቢው ከገበሬ ጋር ስታወሩ ደግሞ በኦሮምኛ ጠይቁ፦ ጥድ ጋቲራ ነው፣ ዝግባ ቢርቢርሳ፣ ወይራ ኤጀርሳ፣ ኮሶ ሄጦ። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ በዛፉ ስም የጠየቀ ሰው፣ እኔ በሠላሳ ዓመት ያልሰማሁትን ሰምቶ ይመለሳል።

የታሪክ መምህሩ፦ ጋሼ፣ ዋናውን ዘለሉት! ዘሩን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ይህን ደን ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደን ያስተከለ ንጉሥ በየት አገር አለ?

ጠበቃዋ፦ ወንድሜ፣ ማስረጃህ ምንድን ነው? «አባቶች ሲናገሩ» ፍርድ ቤት አይቀበልም።

የታሪክ መምህሩ፦ ታሪክ ፍርድ ቤት አይደለም፣ እኅቴ። የቃል ትውፊትም ምንጭ ነው።

ጠበቃዋ፦ ምንጭስ ይሁን። ደኑ ግን ከንጉሡ በፊት ኖሮ ቢሆንስ? ንጉሡ «አትቁረጡ» ብለው ከልለውት ከሆነ ተከሉት ይባላል?

የታሪክ መምህሩ፦ ለነገሩ መከለሉም ቢሆን ትንሽ ነገር ነው እንዴ?

ሁለታችሁም ዛፉን ጠይቁት። ጥድ ብርሃን ወዳድ ነው፤ ጥቅጥቅ ባለው በእናቱ ጥላ ሥር ችግኙ አይበረታም። የዝግባ ችግኝ ግን ጥላውን ችሎ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ እኩያ የሆኑ ትላልቅ ጥዶች ተሰልፈው ስታዩ ያ ቦታ አንድ ጊዜ ገላጣ ነበር ማለት ነው። ወይ እሳት በልቶታል፣ ወይ ታርሶ ተትቷል፣ ወይ ሰው ተክሎበታል። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ንጉሥ አስተከሉ የሚለው ትውፊት ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ ንጉሥ ሳይኖርም ነገሩ ይሆናል። እኔ ትውፊቱን እወደዋለሁ። እናንተ ግን ክርክሩን አውቶቡስ ላይ ቀጥሉት።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ የመግቢያ ዋጋ ስንት ነው?

በሩ ላይ ይነግሩሃል። አንድ ጊዜ ዋጋ ተናግሬ ከወር በኋላ ተለውጦ ስሰደብ ከርሜያለሁ።

አንድ አባል፦ ስለ ሱባ ትንሽ ቢነግሩን።

ምኑን?

ያው አባል፦ በአጠቃላይ።

በአጠቃላይ ደን ነው።

የእንጨት ነጋዴው፦ ጋሼ፣ ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት ባያዩት። አዲስ አበባን ያዳነው እኮ እሱ ነው። ምኒልክ ማገዶ አልቆባቸው አዲስ ዓለምን ዋና ከተማ ሊያደርጉ ቤተ መንግሥት እስከማሠራት ደርሰው ነበር። ባሕር ዛፍ ባይደርስ ዛሬ ሁላችንም የአዲስ ዓለም ሰዎች ነበርን።

እውነትህን ነው፤ ይህን የካደ የደን ሰው የለም። ቤተ መንግሥት ይሆናል የተባለውም ዛሬ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ባሕር ዛፍ ስትቆርጠው ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት እንደገና ለቋሚ ይደርሳል። ጥድ ግን ጉቶው አያቆጠቁጥም። አንዴ ከቆረጥከው ቆረጥከው ነው፤ እንደገና ወፍ ዘሩን መጣል አለባት፣ ፍየል ሳትበላው ማለፍ አለባት፣ አንተም መጠበቅ አለብህ፣ እሱም ዕድሜህ ከበቃ። እኔ የምጣላው ከባሕር ዛፍ ጋር አይደለም፣ ጥዱን ነቅሎ ባሕር ዛፍ ከሚተክል ሰው ጋር ነው።

የእንጨት ነጋዴው፦ ገበሬው ልጁን በጥድ ያስተምር? መቶ ዓመት ይጠብቅ?

ጠበቃዋ፦ ማሳውንስ የሚያደርቅበት ማን ነው?

የእንጨት ነጋዴው፦ ማሳው ዳር ስለተከለው ነው እንጂ…

ይበቃል። በእርሻ ዳር አትትከለው፣ በራሱ ቦታ ትከለው። በዚህ አንጣላም።

የቡና ማኅበሯ ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዬ አጭር ናት። ጀበናና ስኒ ይዘን ብንመጣ፣ ከሰል ብቻ ነው፣ እንጨት አናነድም።

ከሰል እሳት ነው። በፔርሙዝ አምጪው፣ እኔም እጠጣለሁ። በበጋ የደረቀ የጥድ ቅጠል ምን ያህል ዘይት እንዳለው ብታውቂ ይህን አትጠይቂኝም ነበር።

ከዋሽንግተን፦ ለገና አገር ቤት እገባለሁ። ከሱባ አንድ የጥድ ችግኝ ነቅዬ ልወስድ አስቤያለሁ፤ ለመታሰቢያ።

አንደኛ፣ ከደን ችግኝ አይነቀልም። ሁለተኛ፣ በአየር ማረፊያ ይወስዱብሃል። ሦስተኛ፣ አያስፈልግህም። እዚያው ደጅህ፣ በቨርጂኒያ አውራ ጎዳናዎች ዳር፣ የእኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ በቅሏል። ፍሬው ሰማያዊና ለስላሳ፣ እንጨቱ ቀይና መዓዛማ ነው። የእርሳስ ሠሪዎችም መጀመሪያ የተጠቀሙት እሱን ነበር፤ ወደ አፍሪካው ጥድ የመጡት እሱ እየተመናመነ ሲሄድ ነው። መኪናህን አቁመህ አንዲት ፍሬ ፍረጥና አሽትት። ከዚያ ጻፍልኝ፣ ሽታውን ማወዳደር እፈልጋለሁ።

ወጣቷ፦ ለጉሬዛዎቹ ሙዝ ይዘን ብንመጣ ችግር አለው? ሲቀርቡ ፎቶ ያምራሉ።

ችግር አለው። ከላይ ጽፌዋለሁ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፣ ሆዱ ቅጠል ለማብላላት የተከፋፈለ ነው፤ ሙዝና ዳቦ ያሳምመዋል። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ጉጥ ብቻ ናት ያለችው። እጁ ለቅርንጫፍ እንጂ ለሙዝሽ አልተሠራም። የምኒልክ ድኩላም ካጋጠማችሁ፣ ወንዱ ጥቁር ሊባል የሚችል ነው፣ ባላችሁበት ቁሙ። እሱ ራሱ አይቷችሁ ይሄዳል።

የተራራ ሰው፦ ጫፉ ድረስ መውጣት ይቻላል?

ይቻላል። ወጨጫ 3385 ሜትር ነው፤ ሰነፍ ሳንባ ያለው ከኮሶው መስመር ይመለስ። በጠዋት የጀመረ ሰው ጥርት ባለ ቀን ከላይ ሆኖ በምሥራቅ አዲስ አበባን፣ በደቡብ ምሥራቅ ራቅ ብሎም ዝቋላን ያያል፤ በምዕራብ በኩል የሆለታ ማሳዎች በጤፍና በስንዴ ተከፋፍለው ይታያሉ። ስትወርዱ በማሳ መካከል አታቋርጡ። ገበሬው ዝም ቢላችሁ ተስማምቷል ማለት አይደለም፣ እንግዳ አክብሮ ነው።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ፣ ሥጋ ለመጥበስ ትንሽ ፍም…

አይቻልም።

ሌላ አባል፦ ስለ ፀጥታው ምን ይላሉ?

በዋዜማው ወደ ሰበታ ደውሎ የሚያጣራው ሊቀ መንበሩ ነው። እሱ ቀረ ካለ ቀርቷል፤ ደኑ የትም አይሄድም።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ አላስቻለኝምና ዛሬ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ቀድመን ሄድን። አንድ በጣም ትልቅ ጥንታዊ ጥድ አግኝተን ሥሩ ተቀምጠን ምሳ በላን። ፍሬውንም እንዳሉት ለቀምን፤ በጣት ብጫን አልፈርጥ አለኝ፣ በድንጋይ ሰበርኩት።

የፈረንጅ ነው። እሑድ ከእኔ አጠገብ ሆነህ ትሄዳለህ።

አዲስ አባል፦ ጋሼ፣ መናገሻ ከተማ ደርሻለሁ፣ መንገድ ለመልመድ ነው። ደኑ አይታየኝም?